አኜስ ቫርዳ፦ ከየትኛው ፊልሟ ልጀምር? የምፈልገው አሠራሯን ነው

የጥላ_ልጅ (ጥያቄ)
ሰላም ለቤቱ። የአንዲት ሴት የከሰዓት በኋላ ውሎ ላይ የ20 ደቂቃ ፊልም በስልክ ልንቀርጽ ነው። ያለን አንድ ስልክ፣ አንድ የደረት ማይክ፣ አንድ ትሪፖድ፤ በቃ። ሰው ሁሉ «ቫርዳን እዩ» ይላል፤ ፈረንሳዊቷን የፊልም ዳይሬክተር። ለምን ሲባል ግን «የሴቶችን ሕይወት በጥልቀት ዳሰሰች» ብሎ ያልፋል። ዳሰሳው በምን ተሠራ? ካሜራው የት ቆመ፣ ሰዓቱ እንዴት ተቆጠረ፣ ገንዘቡስ ከየት መጣ? የት ተወለደች፣ ማንን አገባች የሚለውን ራሴ አነበዋለሁ።

ቅንብር_ቤት
ከ«ክሌዎ ከ5 እስከ 7» ጀምሪ (እ.ኤ.አ. 1962)። ካሰብሽው ፊልም ጋር አጥንቱ አንድ ነው። አንዲት ወጣት ዘፋኝ የካንሰር ምርመራ ውጤቷን እስክትሰማ ድረስ ፓሪስን ስትዞር እናያታለን። ታሪኩ የሚፈጀው ጊዜና ፊልሙ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው፤ 90 ደቂቃ ገደማ።

ይህ ቅርጽ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ደ ቦሬጋር የፈለገው ርካሽ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ከዚያ በፊት ያሰበችው ሥራ ወጪው ስለበዛ ቀርቶባታል። ርካሽ ማለት ጉዞ የለም፣ የተሠራ ቤት የለም፣ ብዙ ልብስ የለም ማለት ነው። እንግዲያው አንድ ከተማ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ሴት። የገንዘብ እጥረቱን ተቀብላ የፊልሙ ሕግ አደረገችው። ሥራዎቿን በተርታ ስታዪ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፦ ያነሳት ነገር ሁሉ ቅርጽ ይሆናል።

ፊልሙ 13 ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱ በሰው ስምና በሰዓት ይጠራል። የመጀመሪያው «ክሌዎ፣ ከ17፡05 እስከ 17፡08»፣ ቀጥሎ «አንዤል፣ ከ17፡08 እስከ 17፡13»። አንዤል ረዳቷ ነች። ምዕራፉ በማን ስም ከተጠራ ካሜራው ወደዚያ ሰው ዓይን ይጠጋል። በመጀመሪያው አጋማሽ ክሌዎ የምትታይ ሴት ነች፤ መስታወቱ፣ የባርኔጣ ሱቁ፣ የሱቁ መስኮት፣ ሁሉም የእሷን መልክ መልሶ ይሰጣታል። መሐል ላይ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ዊጓን መንጭቃ ታወልቃለች፣ ጥቁር ቀሚስ ታጠልቃለች፣ ብቻዋን ትወጣለች። ከዚያ ወዲህ ካሜራው እሷ የምታየውን ይከተላል፦ መንገደኛውን፣ ካፌ ውስጥ የሚያወሩትን ሰዎች፣ መንገድ ዳር እንቁራሪት የሚውጠውን ትርኢተኛ። ትታይ የነበረችው ሴት ተመልካች ሆነች። ይህን በንግግር የሚናገር አንድም ገጸ-ባሕርይ የለም፤ የካሜራው አቀማመጥ ብቻ ነው የተለወጠው።

ሻይ_በቅመም
ርዕሱን «ከ5 እስከ 7» ብላችሁ ስታወሩ ተጠንቀቁ፤ የእኛ ሰው ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው የሚመስለው። የፈረንሳይ 17 ሰዓት በእኛ 11 ነው። ፊልሙ 11 ሰዓት ከ5 አካባቢ ጀምሮ 12 ተኩል ላይ ያልቃል። «ከ5 እስከ 7» ደግሞ ፈረንሳዮች ዘንድ ፍቅረኛሞች ተደብቀው የሚገናኙበትን ሰዓት የሚያመለክት ፈሊጥ ነው። ርዕሱ አንዱን አጓጉቶ ሌላውን ያቀርባል።

በፈረንሳይ አቆጣጠር 7 ተብሎ 6 ተኩል ላይ መቆሙንም ልብ በሉ። የሐኪሙ መልስ ከተሰማ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ለተመልካቹ የቀረ ነው።

ፀሐይ_ቆጣሪ
ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። ታሪኩ የሚውለው ጁን 21 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. (በእኛ ሰኔ 14 ቀን 1953) ነው፤ ለፓሪስ የዓመቱ ረጅሙ ቀን። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ 12 ተኩል ላይ 20 ዲግሪ ገደማ። ለመጥለቅ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራታል። 90 ደቂቃው በሙሉ ደህና ብርሃን ውስጥ ያልቃል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት ብትጀምሩ ፀሐይዋ 24 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆያችኋለች፣ 12 ተኩል ላይ ግን ልትጠልቅ ተቃርባለች። ወደ ምድር ወገብ ስትቀርቡ ፀሐይ የምትወርደው ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው። ፓሪስ በ90 ደቂቃ የሚታየው የብርሃን ለውጥ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ያልቃል። «እንደ ክሌዎ» ብሎ ከ11 ሰዓት የጀመረ ፊልም ሊጨልም ሲል ነው የሚጨርሰው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። 1 ሜትር ዱላ መሬት ላይ አቁሙና ጥላውን በሜትር ለኩ። ፀሐይዋ 35 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው 1 ሜትር ከ40 ገደማ ነው፣ 20 ዲግሪ ላይ 2 ሜትር ከ75። የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ሲያበቃ የጥላውን ርዝመት ጻፉ፤ በማግሥቱ ጥላው እዚያው ሲደርስ ቀጥሉ። ሰዓት አትመኑ፣ ጥላ እመኑ። አባቶች ሰዓትን በጥላ ጫማ ይቆጥሩ የነበረው ያለ ነገር አይደለም። ለ20 ደቂቃ ታሪክ ጥላው ከ1.40 እስከ 1.80 ባለው ውስጥ ብቻ ብትቀርጹ የተለያየ ቀን ሥራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ይመስላል። ክረምት ከሆነ ግን ሁሉንም እርሱት፤ ደመናው በየአምስት ደቂቃው ይለዋውጥባችኋል።

የጥላ_ልጅ
ይህ ወርቅ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓቱን በስክሪፕት ላይ እንዴት እንቆጥረው? አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ይሠራል?

ቅንብር_ቤት
በአማርኛ አይሠራም። ያ ስሌት ለአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ለአንድ ዓይነት ፊደልና ኅዳግ የተበጀ ነው። በሩጫ ሰዓት ቁጠሩ። ንግግሩን ሁለት ሰው ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ፣ እየተንቀሳቀሰ ያንብበው፤ ተቀምጦ የሚነበብ ንግግር ከሚቀረጸው ይፈጥናል። የእግር መንገዱን ተዋናይቷ በራሷ ጫማ ትሂደው፤ ተረከዝ ያለውና የሌለው ልዩነት አላቸው። ከዚያ ደረጃ፣ በር መክፈት፣ ሒሳብ መክፈል፣ ታክሲ መጠበቅ ለየብቻ ይመዝገብ። ሁልጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው፤ ቅንብር (ኤዲቲንግ) ላይ ሲደመር ሁለት ሦስት ደቂቃ ከየት መጣ ይባላል።

በቀጥታ ጊዜ የሚሄድ ፊልም ላይ ቅንብር የሚያድነው ትንሽ ነው። ተራ ፊልም ላይ አሰልቺውን መንገድ ትቆርጫለሽ፤ እዚህ ከቆረጥሽ ሰዓቱ ይዋሻል። ስለዚህ መንገዱ ራሱ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። የክሌዎን ታክሲ ተመልከቺ፦ ሾፌሯ ሴት ናት፣ ሬዲዮው የአልጄሪያን ጦርነት ዜና ያወራል። ጉዞውን መቁረጥ ስለማይቻል አገሩን ሁሉ አስገባችበት። መጨረሻ ላይ የምታገኘው አንትዋን ወደ አልጄሪያ የሚመለስ ወታደር ነው፤ እሷ ሞቷን በሐኪም ወረቀት ትጠብቃለች፣ እሱ በጦር ሜዳ። ሬዲዮው ባይኖር ያ ግንኙነት ዱብ ያለ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፍሬም (ካሜራው ከሚያየው ክልል) ውስጥ ሰዓት የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይታደን። የግድግዳ ሰዓት፣ የስልክ ስክሪን፣ የባንክ ቤት ዲጂታል ሰሌዳ። ወይ አስተካክሉት ወይ ከፍሬም አውጡት።

ሐዲድ_ላይ
ሁሉም ሰው ክሌዎን ይጠራል። ለካሜራ ተማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራችው፣ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማት የወሰደው «ያለ ጣሪያ ያለ ሕግ» ይበልጥብኛል። ሞና የምትባል ቤት የለሽ ወጣት በደቡብ ፈረንሳይ ክረምት ቦይ ውስጥ ደርቃ ትገኛለች፤ ፊልሙ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ያገኟት ሰዎች የሚሉትን ይሰበስባል። ሳንድሪን ቦኔር ያን ጊዜ 17 ዓመቷ ነበር። ብዙዎቹ መስካሪዎች ተዋናይ አይደሉም፤ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስለ ሞና ሲናገሩ የሚገልጡት ራሳቸውን ነው። አንዱ ትሸታለች ይላል፣ አንዷ ነፃነቷን ትመኛለች፣ አንዱ ሰነፍ ይላታል። እሷን ማንም አልያዛትም።

ካሜራውም አይይዛትም። አንድ ደርዘን ያህል ረዣዥም የሐዲድ ሾቶች (ካሜራው ሐዲድ ላይ እየተገፋ የተቀረጹ) አሉ፤ ሁሉም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሞና ወደ ፍሬም ትገባለች፣ ትራመዳለች፣ ካሜራው ግን አንዳንዴ ጥሏት ይቀጥልና አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል፦ የእርሻ መሣሪያ፣ የቆመ ምልክት፣ አጥር። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ቀጣዩ የሐዲድ ሾት ያንን በሚመስል ዕቃ ይጀምራል። የዮአና ብሩዝዶቪች የገመድ መሣሪያ ሙዚቃ የሚሰማው በነዚህ ጉዞዎች ላይ ነው። መጀመሪያ ስታዩት ላይታወቃችሁ ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ የፊልሙ አከርካሪ እሱ ነው።

ከቀኝ ወደ ግራ የሆነው ዓይን ከሚያነብበት አቅጣጫ ስለሚቃረን ነው። ለፈረንሳይ አንባቢ የሚሠራው ለእኛም ይሠራል፤ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በዓረብኛ ወይም በዕብራይስጥ ለሚያነብ ሰው ግን ያው እንቅስቃሴ ንባብ ይሆንለታል እንጂ ትግል አይሆንበትም።

አሁን ቁጥሩን እንሥራ። ቀስ ያለ እርምጃ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። የ45 ሰከንድ ሾት 45 ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል፤ 3 ሜትር በሆነ ቁራጭ 15። ለመነሻና ለማቆሚያ ሁለት ጨምሩ። ብልሽቱ የሚመጣው ከመገጣጠሚያ ነው፦ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ግማሽ ሴንቲ ከፍ ካለ ጎማው ሲያልፍ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ በረጅም ሌንስ ደግሞ ያ ግማሽ ሴንቲ ትልቅ ዝላይ ይሆናል። ሐዲዱ በውኃ ልክ ይለካ፣ ከሥር የእንጨት ሽብልቅ ይግባ። ሁለተኛው ብልሽት የሚገፋው ሰው ነው፤ ዓይኑ ተዋናይቷ ላይ ከሆነ እሷ ስትዘገይ እሱም ይዘገያል፣ ሾቱም ተራ «መከተል» ይሆናል። ገፊው ሰው መሬት ላይ የተሰመረ ምልክት እያየ በራሱ ፍጥነት ይሂድ። ጥሏት የሚሄደው ያኔ ነው።

የጥላ_ልጅ
45 ሜትር ሐዲድ የምንከራየው በምን ብር ነው?

ሐዲድ_ላይ
ዊልቸር ተጠቀሙ። አስፋልት ወይም ልስን ሲሚንቶ ላይ ብቻ፤ ኮብልስቶን ላይ አይሞከርም። የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱት፣ ንዝረቱን ይውጠዋል። የሚቀርጸው ሰው ጎኑን ለተዋናይቷ ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይያዝ። ከተዋናይቷ 4 ወይም 5 ሜትር ራቁ፤ በመሐል አጥር፣ ግንድ፣ የቆመ መኪና ካለ እሰየው፣ ፍጥነቱ የሚታየው በሱ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ብትሄዱ የቆማችሁ ትመስላላችሁ።

ሰፊውን ሌንስ ተዉት፤ ዳርና ዳሩን ያጎብጣል። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ አጥሩ ባለፈ ቁጥር ስልኩ ፎከስ ይፈልጋል። ድምፅ በዚያ ሾት ላይ አትቅረጹ፤ የዊልቸሩና የገፊው ኮቴ ብቻ ነው የሚገባው። የእርምጃዋን ድምፅ በኋላ ለብቻው ቅረጹት።

ወለተ_ዜማ
ስለ ሴቶች ሕይወት ከተነሣ «ደስታ» (እ.ኤ.አ. 1965) ተዘለለ። ዘሎ መሄድም የተለመደ ነው፤ ፊልሙ ስለሚያናድድ።

አናጢው ፍራንሷ ሚስቱን ይወዳል፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ሌላ ሴትም ይወዳል። ለሚስቱ ይነግራታል፤ እሷ ውኃ ውስጥ ሞታ ትገኛለች፤ ሌላዋ ሴት ቤቱ ትገባለች፤ ሕይወት ይቀጥላል። የሞዛርት ሙዚቃ፣ የሱፍ አበባ፣ ሽርሽር፣ ጸሐይ። የሚወቅስ ድምፅ የለም፣ ቅጣት የለም። ሲወጣም ከዚያ በኋላም «ይህ ለሴት ጠላት ነው» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን የምቃወመው ሌላውን ነው፤ «ምፀት ነው፣ አልገባችሁም» ብሎ ነገሩን የሚዘጋውን። ፊልሙ ፍራንሷን ውሸታም አላደረገውም። የእውነት ደስተኛ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ቅንብር_ቤት
በመጨረሻው እስማማለሁ፣ በመጀመሪያው አይደለም። ወቀሳው አለ፤ የተቀመጠው ቅንብሩ ላይ ነው። የቴሬዝ እጆች ሊጥ ሲያቦኩ፣ ልብስ ሲተኩሱ፣ ልጅ ሲያስተኙ በቅርበት ይታያሉ። በኋላ የኤሚሊ እጆች ያንኑ ሲያደርጉ ይመጣሉ። ፊት ከፍሬም ውጭ ሆኖ እጅ ብቻ ሲታይ አንዷ በሌላዋ የምትተካ ዕቃ ትሆናለች። ይህንን ለመሥራት የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ርቀት፣ ተመሳሳይ ቁመት፣ ተመሳሳይ ብርሃን ነው። አንዱን ከላይ ሌላውን ከጎን ብትቀርጺ ማመሳሰሉ ይፈርሳል። ትሪፖዱ የቆመበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ የእግሩን ቁመት በሴንቲ ጻፊ።

ሌላው፦ ትዕይንቶቹ ሲያልቁ ወደ ጥቁር አይደበዝዙም፤ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ቀይ፣ ወደ ሌላ ቀለም ነው። ጥቁር ሐዘን እንኳ ገብቶ ደስታውን እንዳይሰብርበት። ዋናው ተዋናይ ዣን-ክሎድ ድሩዎም ከእውነተኛ ሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው የተጫወተው፤ የልጆቹ መተቃቀፍ የሠለጠነ ትወና ያልመሰለው ለዚህ ነው።

ወለተ_ዜማ
እጆቹን በተመለከተ ረታኸኝ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1977 «አንዷ ትዘፍናለች ሌላዋ አትዘፍንም» ላይ በግልጽ መናገር ነበረባት፤ ያ ፊልም ባይመጣ ኖሮ «ደስታ» ላይ ያለው ክርክር ባልተፈታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ፅንስ ማቋረጣቸውን በአደባባይ ካመኑት 343 ሴቶች አንዷ እሷ ነች፤ ያን ጊዜ በሕግ የሚያስከስስ ነበር። ፊልሙ ውስጥ የ1972ቱ የቦቢኚ ችሎት (የፅንስ ማቋረጥ ክስ) አለ፤ ጠበቃዋ ዢዜል አሊሚም ራሷን ሆና ትታያለች። የዘፈኖቹ ግጥም አንዳንዴ መፈክር ይሆናል፣ ይሄን አልክድም።

ባለ_ቆጣሪ
ያለሽ ስልክና ትሪፖድ ከሆነ ማየት ያለብሽ «ዳጌሬዎታይፕ»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም። ልጇ ማትዩ የተወለደው እ.ኤ.አ. 1972 ነው፤ ሕፃን ትታ ሩቅ መሄድ አልቻለችም። የመብራት ገመድ ከራሷ ቤት ቆጣሪ ጎትታ፣ ገመዱ የሚደርሰው ሰማንያ ዘጠና ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉትን የፓሪሱን የዳጌር ጎዳና ሱቆች ብቻ ቀረጸች። ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ሽቶ የሚሸጡ አዛውንት ባልና ሚስት። ገመዱን እሷ ራሷ ከእትብት ጋር አመሳስላዋለች። በካሜራው ላይ ከሠሩት አንዷ ኑሪት አቪቭ ነች።

የሽቶ ሱቋ ባለቤት ሚስት አትረሳም። ሲመሽ ከወንበሯ ትነሣለች፣ መውጣት እንደምትፈልግ ሰው በሩ ላይ ትቆማለች፣ አትወጣም። ማንም አይጠይቃትም። የመስኮቱ ብርሃን ብቻ እየቀነሰ ይሄዳል። እናት ከቤቷ መራቅ አልችልም ብላ የሠራችው ፊልም ከሱቋ መውጣት ያልቻለችውን ሴት አገኘ። ይህ የሚሆነው ቦታ ስትወስኚ ነው፤ ከተማውን ሁሉ ብትዞር አታያትም ነበር።

ለተግባሩ፦ 80 ሜትር ገመድ ቀልድ አይደለም። በ220 ቮልት የ2000 ዋት አምፖል 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ገመዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከሆነ መሄጃና መመለሻው 160 ሜትር ስለሆነ 10 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። 5 ከመቶ እንኳ አይሞላም ትሉ ይሆናል፤ የክር አምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ በላይ ነው የሚወድቀው፣ ወደ 15 ከመቶ ይጠፋል፣ ቀለሙም ወደ ብርቱካን ያደላል። 1.5 ካሬ ቢሆን ሩብ ያህሉ ብርሃን ይሄዳል። ገመዱ ጥቅሉ ላይ እንዳለ አይሰካ፤ ይሞቃል፣ ልባሱ ይቀልጣል። ሙሉውን ዘርግታችሁ ተጠቀሙ።

ፀሐይ_ቆጣሪ
የዛሬው ኤልኢዲ ያን ችግር አይወርስም። 200 ዋት ኤልኢዲ 1 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ በዚያው 80 ሜትር የሚጠፋው 1 ቮልት ገደማ ነው። የኤልኢዲ ችግር ብልጭልጭታ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቦገቦጋል። ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በ1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ቆልፉት። በ30 ፍሬምና በ1/60 ከቀረጻችሁ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ሲወርድ ታያላችሁ፣ ቅንብር ላይ ደግሞ አይጠፋም።

ሻይ_በቅመም
«ቃራሚዎቹና ቃራሚዋ» (እ.ኤ.አ. 2000) ለምን አልተነሣም? በስልክ ለሚቀርጽ ሰው መነሻው እሱ ነው። በ70 ዓመት ዕድሜ ገደማ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዲጂታል ቪዲዮ (ሚኒ ዲቪ) ካሜራ ይዛ ቃርሚያ የሚለቅሙትን ፍለጋ ወጣች፦ ከአጨዳ በኋላ ድንች የሚለቅሙ፣ ገበያ ሲበተን የተጣለ የሚያነሡ። ለገበያ አይሆንም ተብሎ ከተደፋው ድንች መሐል ልብ ቅርጽ ያለውን አንሥታ ቤቷ ወሰደችው።

ርዕሱ በአማርኛ ያምራል። ለእኛ ቃርሚያ ማለት መጽሐፈ ሩት ነው፤ ድኻና መጻተኛ ከአጫጆች ኋላ የሚለቅመው። ፈረንሳይም ውስጥ መብቱ እ.ኤ.አ. ከ1554 ጀምሮ በአዋጅ ያለ ነው። «ቃራሚዋ» ደግሞ ራሷ ናት፤ ምስል የምትቃርም። በፈረንሳይኛው አንስታይ ጾታው አለ፣ በአማርኛም አለ፤ ይህ በሌላቸው ቋንቋዎች የርዕሱ ግማሽ ይጠፋል።

ካሜራዋ ትንሽ ስለሆነች በአንድ እጇ ይዛ ሌላ እጇን ትቀርጻለች፦ የተሸበሸበ ቆዳ፣ የዕድሜ ነጠብጣብ። በትልቅ ካሜራና በአሥር ሰው ፊት ይህ አይደረግም። አንዴ ካሜራውን ማጥፋት ረስታ የሌንስ ክዳኑ ሲወዛወዝ ተቀርጿል፤ አልጣለችውም፣ ሙዚቃ አስገባችበትና ጭፈራ ሆነ።

ባለ_ማይክ
የእሷ ድምፅ ያለበት ፊልም ሁሉ የሚያታልለው ነገር አለ። ትረካ ቀላል ይመስላል፤ ጀማሪ የሚጽፈው ትረካ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መልሶ ይናገራል። እሷ የማይታየውን ነው የምትናገረው። ፈተናው ይሄ ነው፦ ምስሉን አጥፍታችሁ ትረካውን ብቻ ስሙ። ብቻውን የተሟላ ከሆነ በዝቷል። በ«እኔ» የሚሄድ ትረካ መስማት ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያዊቷን የሳሌም መኩሪያን «የወንዝ ማዕበል» ፈልጉ፤ ቀይ ሽብርን በወንድሟና በጓደኛዋ በኩል ነው የምትነግረው።

ስለ ድምፅ አንድ ሌላ። የመጀመሪያ ፊልሟ «ላ ፑዋንት ኩርት» እ.ኤ.አ. በ1954 «ሴት» (Sète) በተባለች የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ውስጥ ሲቀረጽ ድምፅ አልተቀረጸም፤ ንግግሩ በኋላ ነው የተሞላው። የፊልሙ ባልና ሚስት ሩቅ ሲሄዱም ድምፃቸው ጆሯችን ሥር ነው። ጉድለት ሊባል ይችል ነበር፤ እሷ ግን ያንን ርቀት ተጠቀመችበት። ሩቅ አካል፣ ቅርብ ድምፅ። የደረት ማይካችሁ ተመሳሳይ ውጤት በነፃ ይሰጣችኋል፤ ካሜራውን 30 ሜትር አርቁ፣ ማይኩ ግን ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ይሁን። ሹራብ ካለ ማይኩን ከውጭ አውጡት፣ ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ በምንም አይጸዳም።

ገንዘብ_ያዥ
ጠያቂዋ ገንዘቡ ከየት መጣ ብላ ነበር፤ ማንም አልመለሰም። ያ የመጀመሪያ ፊልም ከዚያ ዘመን ተራ ፊልም ወጪ አንድ አሥረኛ ያህል ነው የፈጀው። ተዋናዮቹና ሠራተኞቹ ደመወዝ ሳይወስዱ በኅብረት ሥራ ድርሻ ገቡ። ዳይሬክተሩ አሌን ሬኔ ፊልሙን አቀናበረላት። ለሥራው የራሷን ድርጅት አቋቋመች፤ በኋላ ሲኔ-ታማሪስ የተባለው ነው፣ መቀመጫው የምትኖርበት ዳጌር ጎዳና። የፊልሞቿ መብት አብዛኛው እዚያው ቀረ፤ ለዚህ ነው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ራሷ አሳድሳ ራሷ ያሳተመቻቸው።

የድርሻ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ይስማማል፣ ጠቡ የሚመጣው በኋላ ነው። ከቀረጻ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ማን ስንት ድርሻ አለው፤ ከገቢ ላይ መጀመሪያ ምን ወጪ ይነሣል፤ ዩቲዩብ ላይ ቢወጣ አካውንቱ በማን ስም ነው፤ አንዷ መሐል ብታቋርጥ ድርሻዋ ምን ይሆናል። ጥሬ ቀረጻው ያለበት ሃርድ ዲስክ ማን ጋር እንደሚቀመጥም ይጻፍ፣ ቅጂውም ሌላ ሰው ቤት ይሁን። የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በብሩ ሳይሆን በዲስኩ ነው።

ክብሩን በተመለከተ አትጠብቁ። የካን ፊልም ፌስቲቫል የክብር ፓልም ዶር ሽልማት የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ2015፣ የክብር ኦስካር በ2017 ነው፤ ከመጀመሪያ ፊልሟ ስድሳ ዓመት አልፎ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካን ደረጃ ላይ ከ82ቱ ሴቶች አንዷ ሆና ቆማ መግለጫ ስታነብ 89 ዓመቷ ነበር፣ 90 ልትሞላ ቀናት ቀርተዋት። 82 ማለት እስከዚያ ድረስ ዋናው ውድድር የገቡት የሴቶች ፊልሞች ቁጥር ነው።

የጥላ_ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሰንነው፦ አንድ ሠፈር፣ በእግር ከሚደረስ ርቀት ሳይወጣ፣ ጥላው ከ1.40 እስከ 1.80። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለ20 ደቂቃ ስንት ምዕራፍ?

ቅንብር_ቤት
ክሌዎ ላይ አንድ ምዕራፍ በአማካይ ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው፤ አጭሩ 3፣ ረጅሙ 15። ለ20 ደቂቃ ከአራት አይበልጥ። እኩል አታድርጓቸው፤ 3፣ 7፣ 2፣ 8 ቢሆን ይሻላል። ሁለት ደቂቃዋን ለዋናዋ ሴት ሳይሆን ከሷ ጋር ለምትገናኝ ሌላ ሴት ስጧት፤ ለጀበና ቡና ሻጯ ይሁን ለጎረቤቷ። ካሜራውም በዚያች ምዕራፍ ከሻጯ ጎን ይቁም።

ፀሐይ_ቆጣሪ
ዱላው ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ አረጋግጡ። ትንሽ ካዘመመ ጥላው ይዋሻል። ሁልጊዜም አንድ ቦታ፣ ደልዳላ መሬት ላይ።

የጥላ_ልጅ
ቱንቢ ከግንበኛ ጎረቤት ተገኝቷል። ቅዳሜ ጥላውን እንለካለን።